ድሬዳዋ ላይ ነጻ የጥብቅና አገልግሎት በቋሚነት መስጠት፦ ከየት ይጀመራል፣ የት ላይ ይበላሻል?

ሳቢያን ጀማሪ፦

ሰላም ያ ጀመዓ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ አለኝ፣ ቢሮዬም ድሬዳዋ ነው። የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንቀጽ 49 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። የፈቃድ እድሳት ሲደርስ ቅጽ ላይ ቁጥር ሞልቼ ማለፍ አልፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮዬን ከፍቼ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በቋሚነት መሥራት አስቤያለሁ። የሠፈራችን እድር ሰው እንደሚልክልኝ ነግሮኛል።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ 50 ሰዓቱን ምክር ላይ ላውለው ወይስ ሙሉ መዝገብ ልያዝ? ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ? የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰው በድሃ ደንብ (ሳይከፍል እንዲከስ) ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ከሐረር የሚመጣ ሰውስ? በዚህ ሥራ የቆያችሁ ዝርዝሩን ብትነግሩኝ።

ከዚራ፦

እህቴ፣ እንኳን አሰብሽው። ከስሌቱ ልጀምር፤ ነጻ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሰውየው ቅን ስላልሆነ ሳይሆን ስላልቆጠረ ነው። አንድ የልጅ ቀለብ ክርክር እንውሰድ። እናትየዋን ሰምቶ ወረቀቷን ለይቶ ማስቀመጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ክሱን ከማስረጃ ዝርዝሩና ከቃለ መሐላው ጋር መጻፍ ሦስት አራት ሰዓት። መዝገብ ማስከፈትና መጥሪያ ማድረስ ሁለት ሰዓት። አራት አምስት ቀጠሮ ካለው፣ ችሎት በር ላይ የሚጠበቀው ጭምር አሥራ አምስት ሰዓት ያህል ይሄዳል። አፈጻጸሙ (ፍርዱን ማስፈጸሙ) ደግሞ አምስት ስድስት ሰዓት አያንሰውም። ሲደመር ወደ ሠላሳ ሰዓት ነው። ስለዚህ በ50 ሰዓት ከአንድ መዝገብ በላይ እስከ መጨረሻው አይኬድም፤ የቀረው ለቅዳሜ ምክር ነው። በጎነትሽ ከዚያ ካለፈ ሰዓቱን አስቀድመሽ ጨምሪ እንጂ ሰው እየመጣ ሲያለቅስ አትጨምሪ።

ይህን የምለው ግማሽ መንገድ ላይ የተተወ መዝገብ ካልተከፈተው ስለሚከፋ ነው። በቀጠሮ ቀን ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሿ ብትቀር ክሱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 73 ይዘጋል፣ በዚያው ጉዳይም እንደገና መክሰስ አትችልም። መውጫው በቂ ምክንያት አስረድቶ በአንድ ወር ውስጥ እንዲከፈት ማመልከት ብቻ ነው። ሁለቱም ከቀሩ ይሻላል፤ የዳኝነት ከፍሎ እንደ አዲስ መክሰስ ይቻላል። ያልከሰሰች ሴት መብቷ በእጇ ነው፤ ጠበቃዋ ሌላ ቀጠሮ ተደርቦበት የቀረባት ግን አንድ ወር ብቻ ነው የሚቀራት።

መጀመሪያ ምን ልጠይቅ ላልሽው፣ ታሪኩን አይደለም። ቀን ጠይቂ። የመጠየቂያ ቅጽሽ የመጀመሪያ መስመር «ወረቀቱ በእጅህ የገባው መቼ ነው?» ይሁን፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሌላ፣ እጅ የገባበት ሌላ ነው። ቶሎ የሚያልፉትን ጊዜዎች ቅጹ ጀርባ ላይ ጻፊያቸው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚጠይቀው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ከስንብት የሚመጣ ክፍያ 6 ወር (አዋጅ 1156/2011)። ባጃጅ ገጭቶት ካሳ የሚጠይቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት አለው፣ ድርጊቱ በወንጀል ረዘም ያለ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ካለው በዚያ ይታያል። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀ በ1 ወር ውስጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 ይነሣልኝ ይላል።

የቀን አቆጣጠሩ ራሱ ድሬዳዋ ላይ ወጥመድ ነው። ሰዉ «ከረመዳን በፊት»፣ «ከመውሊድ በኋላ» ብሎ ይነግርሻል፤ የሂጅራው ዓመት በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ረመዳን በአምናው ቀን አታስቢ። የስንብት ደብዳቤ ደግሞ፣ በተለይ የውጭ ባለሀብት ካለበት ፋብሪካ ሲወጣ፣ በፈረንጅ ቀን ይጻፋል። «05/03» የሚል ደብዳቤ ኅዳር 5 መስሎሽ ብትቆጥሪ ሦስት ወሩን ታበላሺዋለሽ። ዓመተ ምሕረቱን አይተሽ፣ ቀኑንና ወሩን በየትኛው ቅደም ተከተል እንዳስቀመጡት ከሌላ ደብዳቤያቸው ጋር አመሳክረሽ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቅጹ ላይ ጻፊ።

ሌላው የይርጋ ገዳይ ሽምግልና ነው። «ሽማግሌዎች ይዘውታል» እየተባለ ሦስት ወሩ ያልቃል። ሽማግሌ ዘንድ መቀመጥ ወይም ለቀበሌ አቤት ማለት ይርጋ አያቋርጥም። ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ ክስ ወይም አሠሪው በጽሑፍ ያመነው ነገር ነው የሚያቋርጠው። ሽምግልናውን አትናቂው፣ በከተማችን ብዙ ነገር የሚያልቀው በእሱ ነው፤ ብቻ አስቀድመሽ ክሱን አስገቢ። እርቁ ሲያልቅ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርበሽ በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 274 እና በቀጣዮቹ መሠረት እንዲመዘገብ ጠይቂ። ያኔ እርቁ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልጨምር። ሰው የሚመጣው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ነው፤ የመብራት ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ የሠርግ ጥሪ ሁሉ አብሮ ታጥፎ። ጠረጴዛ ላይ አፍስሺውና በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪው፤ እያንዳንዱን በእርሳስ ቁጥር ስጪው፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ዋናውን እዚያው መልሺለት። ዋና ሰነድ ቢሮሽ አይደር። ለችሎት ሲያስፈልግ ራሱ ይዞት ይምጣ። ዋና ካርታ ወይም ዋና የሥራ ውል ከጠበቃ ቢሮ ጠፋ ከተባለ ነጻ ሠራሁ ማለት አያድንም።

ለገሀሬ ፊት ለፊት፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ የቤተሰቡን ልጨምር፤ ቅዳሜ ቢሮሽን ከከፈትሽ አብዛኛው የሚመጣብሽ ይኸው ነው።

ድሬዳዋ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥር ስለሆነች የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው። ግን ባለጉዳይሽ ሙስሊም ከሆነች መጀመሪያ የምትጠይቂያት ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሷት እንደሆነ ነው። በአዋጅ 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብንና የመሳሰለውን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ብቻ ነው። ሰዉ የማያውቀው ይህን ነው፦ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል፣ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። «እኔ አልፈልግም፣ አልሄድም» ብላ ቤቷ የተቀመጠች ሴት እንደፈቀደች ነው የምትታሰበው። ስለዚህ ማድረግ ያለባት በቀጠሮው ቀን ሄዳ አለመፍቀዷን በግልጽ ማሳወቅ ነው፤ ያኔ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይመራል። አንዴ ከተስማማች በኋላ ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ ወደ መደበኛው ልዛወር ማለት አትችልም። በሸሪዓ መዳኘት የምትፈልግ ከሆነ መብቷ ነው፣ አንቺ አትገፊያት፣ አትጎትቻት። ያንቺ ሥራ ሁለቱንም መንገድ ከነመዘዙ ነግረሽ እንድትመርጥ ማድረግ ነው።

ቀለብ ላይ የሚበላሸው መጠኑ ነው። «ተገቢ ቀለብ ይወሰንልኝ» ብሎ የሚያበቃ ክስ አነስተኛ ቀለብ ያስወስናል። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የጠያቂውን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም ነውና ሁለቱንም አሳዪ። ለልጁ፦ የቤት ኪራይ ድርሻው፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ምግቡ፣ ሕክምናው፣ እያንዳንዱ በወር ስንት እንደሆነ በሠንጠረዥ፣ ደረሰኝ ያለውን ከደረሰኝ ጋር። ለአባት፦ ተቀጣሪ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ደመወዙንና አበሉን እንዲገልጽ ትእዛዝ ይጻፍልኝ ብለሽ ከክሱ ጋር ጠይቂ። ነጋዴ ከሆነ ፈቃዱ፣ ሱቁ ያለበት ቦታና የሚያውቁት ምስክሮች። በጫት ወይም በጉምሩክ ሥራ ላይ ያለ ሰው የደመወዝ ወረቀት የለውምና ምስክር ካላዘጋጀሽ ገቢ የለኝም ብሎ ያልፋል። ፍቺው ገና በክርክር ላይ ከሆነ ደግሞ ጊዜያዊ ቀለብና የልጆች አያያዝ ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቂ፣ ፍርዱን አትጠብቂ።

ያለፈ ቀለብ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ካለፈው መጠየቁ ይከብዳል፣ ችግር ላይ እንደነበረች ማስረዳት ይጠበቅባታል። ስለዚህ ምክር ብቻ ሰጥተሽ የምትሸኛት ሴት ቢሆንም እንኳ ክሷን ዛሬ እንድታስገባ ንገሪያት።

ፍርዱ ሲወጣ ሥራሽ ገና ግማሽ ላይ ነው። አፈጻጸም ካልተከፈተ ቀለቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። የአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ የፍርዱን ቀን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የተከፈለና ያልተከፈለውን ወር በወር፣ እንዲሁም እንዴት እንዲፈጸም እንደምትፈልጊ (ከደመወዝ ተቆርጦ፣ ከባንክ ሒሳብ፣ በንብረት ሽያጭ) ለይተሽ ጻፊ። በአዋጅ 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ከጠየቅሽ አሠሪው ትእዛዙን ይዞ ለማብራሪያ ይመልሰዋል፣ አንድ ወር ይባክናል። ትእዛዙን ራስሽ ወይም ባለጉዳይዋ ለሰው ሀብት ክፍል አስገብታችሁ፣ ግልባጩ ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ማኅተም አስመቱ።

አስተርጓሚን በተመለከተ፦ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክርክሩ በአማርኛ ነው፤ ባለጉዳይሽ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች አስቀድመሽ አስተርጓሚ እንዲመደብ አመልክቺ። ቢሮሽ ላይ ግን ባሏ፣ የባሏ እህት ወይም ጎረቤት አያስተርጉም። ድሬዳዋ ትንሽ ከተማ ናት፣ ጎረቤት ያስተረጎመው ጉዳይ ሳይመሽ መጋላ ይደርሳል። ከዚያም በላይ ሴትየዋ ያልተናገረችውን ልትናገር የምትችለው የራሷ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ነው።

የጊዜ ቀጠሮ፦

ሁላችሁም ፍትሐ ብሔሩን ይዛችኋል። የ50 ሰዓቱ አንዱ ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፖሊስ ጣቢያ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ይላል፣ የተከላካይ ጠበቆችም አሉ። ተከላካይ ጠበቃ በብዛት የሚመደበው ግን ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ከተያዘበት ሰዓት እስከ ክስ ያለው ጊዜ ባዶ ነው፣ ሰውም ቃሉን የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው።

ቤተሰብ ሲደውልልሽ ስድስት ነገር ጠይቂ፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የትኛው ጣቢያ፣ የተጠረጠረበት ነገር፣ የመርማሪው ስም፣ ዕድሜ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ለመጓጓዣ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር። ሲቀርብ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። እዚያ ላይ «ዋስትና ይፈቀድለት» ብሎ ብቻ መቆም አይበቃም። በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? የቀሩት ምስክሮች ስንት ናቸው? ሰነዱስ የት ነው ያለው?» ብለሽ የምርመራ መዝገቡ እንዲታይ ጠይቂ። ዳኛው ጊዜውን የሚያሳጥረውም የሚከለክለውም በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ዋስትና ከተከለከለ በአንቀጽ 75 በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ የሚያሳስረው ወረቀት ነው። ቤተሰቡ አስቀድሞ ያዘጋጅ፦ ዋስ የሚሆነው ሰው የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ወይም የመኪናው ሊብሬ፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ፣ ከዋሱ መታወቂያ ጋር። ዓርብ ከሰዓት የተፈቀደ ዋስትና የመፍቻ ትእዛዙ ከመሥሪያ ቤት መውጫ በፊት ጣቢያ ካልደረሰ ሰውየው እስከ ሰኞ ይቆያል። የገንዘቡን መጠን ስትጠይቂ ዝም ብለሽ «ዝቅ ይበል» አትበይ፤ የቀን ገቢውን፣ የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች ቁጥርና ቋሚ አድራሻውን አስመዝግበሽ መጠን ጠቁሚ።

የልጆቹን ነገር ለይቼ ልናገር። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በልዩ ሥነ ሥርዓት ነው የሚታየው፤ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወላጅ ወይም አሳዳሪ ካልቀረበለት ወይም ከአሥር ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል ከተከሰሰ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል። ችግሩ ዕድሜው ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው፣ ሰውነቱ ገዘፍ ያለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንደ አዋቂ ይመዘገባል። እናትየዋ የክትባት ካርዱን ትፈልግ፣ ትምህርት ቤት ሄደሽ ከተመዘገበበት ክፍልና ዓመት ጋር ማስረጃ ጠይቂ፣ ይህ ሁሉ ከጠፋ በሕክምና የዕድሜ ምርመራ ይደረግልን ብለሽ በመጀመሪያው ቀን አመልክቺ። በሁለተኛው ቀን ከሆነ ልጁ ከአዋቂ ጋር አድሯል።

ጀጎል በር፦

ከሐረር የሚመጣውን እኔ ልመልስ፤ እዚህ ከተማ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ሐረሪ ክልል ናት፣ የራሷ ፍርድ ቤቶች፣ የራሷ የቤተሰብ ሕግ፣ የራሷ የጥብቅና ፈቃድ አሰጣጥ አላት። በክልሉ ፍርድ ቤት ለመቆም የክልሉን የፈቃድ ጉዳይ አስቀድመሽ ጨርሺ፣ ችሎት ላይ ቆመሽ አይሁን። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ስለሆኑ ማመልከቻው በምን ቋንቋ እንደሚቀርብ ሬጅስትራሩን ጠይቂ።

ከዚህ የባሰው፦ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መሥሪያ ቤቶችም ሐረር ከተማ ውስጥ ናቸው። ከፈዲስ፣ ከባቢሌ ወይም ከኮምቦልቻ የመጣ ገበሬ «ጉዳዬ ሐረር ነው» ቢልሽ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይሁን የሐረሪ በቃሉ አታውቂም። ወረቀቱን ገልብጠሽ የማኅተሙን ጽሑፍ አንብቢ። እናንተም ጋ እንዲሁ ነው፤ ተከሳሹ ሽንሌ የሚኖር ከሆነ ጉዳዩ በመርህ ደረጃ ወደ ሶማሌ ክልል ይሄዳል፣ ምክንያቱም ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው። ድሬዳዋ ውስጥም በቻርተሩ አዋጅ 416/1996 ለከተማው ፍርድ ቤት የተሰጡ ጉዳዮች አሉና የይዞታ ወይም የፕላን ነገር ከሆነ የክሱን ራስጌ ከመጻፍሽ በፊት ቻርተሩን ክፈቺ። በተሳሳተ ፍርድ ቤት ሁለት ወር መክረም ለሚከፍል ደንበኛ ብስጭት ነው፣ ለድሃ ግን ሦስት ወሩን አሳልፎ መብቱን ያሳጣዋል።

ሐረር ላይ ሰው ለማግኘት አፎቻዎቹን (የሐረሪ መረዳጃ ማኅበራትን) አነጋግሪ። የታመመውን፣ የሞተበትን፣ የተቸገረውን የሚያውቁ እነሱ ናቸው። ባለጉዳይ ይላኩልሽ እንጂ ጉዳዩን ግን እነሱ ፊት አትስሚ።

ሳቢያን ጀማሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው የድሃ ደንቡ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው በባዶ እጁ መምጣት ያፍራል፤ ማንጎ በከረጢት፣ ጫት በእስር ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ያስቀይማል። ተከራካሪው ደግሞ የዘመዴ ዘመድ ሆኖ ሲገኝስ?

ከዚራ፦

የድሃ ደንብ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 እና ተከታዮቹ) የሚወድቀው በሦስት ምክንያት ነው። አንዱ፣ ሰዎች የድህነት ማረጋገጫ ከቀበሌ ይዘው ይመጡና የንብረት ዝርዝር አያያይዙም። ማመልከቻው የአመልካቹን ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ንብረት ከነግምቱ መያዝ አለበት። ምንም የለኝም የሚል ሰው አልጋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሁለት ፍየሉን ቢጽፍ ይታመናል፤ «የለኝም» ብሎ ተከሳሹ ፍየሎቹን ቢያስመሰክርበት ሁሉም ቃሉ ይጠረጠራል። ሁለተኛው፣ አመልካቹ ራሱ ቀርቦ ይጠየቃል፣ ወኪል ልኮ አይሆንም። ከወር ገቢው፣ ከሚረዳው ልጁ፣ ከባንክ ሒሳቡ ይጠየቃል፤ ቢሮሽ ላይ እነዚሁን ጥያቄዎች አስቀድመሽ ጠይቂው፣ መልስ ግን አታስጠኚው። ሦስተኛው፣ ክሱ ራሱ ደካማ ከሆነ ወይም ክርክሩ የሌላ ሰው ጥቅም ያለበት ከሆነ ድህነቱ ቢረጋገጥም ይወድቃል። ስለዚህ የክሱን ይዘት እንደሚከፈልበት ክስ አድርገሽ ጻፊው።

አንዳንዴ ደግሞ ጠበቃ ጨርሶ አያስፈልግም። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 58 ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ አያት ወኪል ሆኖ መከራከር ይችላል። ንቁ የሆነ ልጅ ያላት እናት ከመጣች ልጁን አሠልጥነሽ፣ ክሱን ጽፈሽለት፣ በየቀጠሮው ዋዜማ ግማሽ ሰዓት ብትሰጪው መዝገብ ሳትይዢ ሰው ትረጃለሽ። ውክልናው ላይ ግን ተጠንቀቂ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መክሰስ፣ መከሰስና መታረቅ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽም» የሚል ውክልና ይዞ ቀርቦ ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ቢመለስ ሌላ ቀን፣ ሌላ ክፍያ ነው። እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ፣ ይግባኝ እንዲል፣ አፈጻጸም እንዲከፍት፣ የተፈረደውን ገንዘብ እንዲቀበል እያሉ መዘርዘር ነው። ገንዘብ መቀበሉን ለሚከራከረው ልጅ መስጠት አለመስጠት ግን የእናትየዋ ውሳኔ ይሁን፣ ለብቻዋ ጠይቂያት።

ለገሀሬ ፊት ለፊት፦

ስጦታውን አትቀበዪ። ማንጎም ይሁን ጫት። ሰው የሚቀየመው ለእሱ ብቻ እምቢ ሲባል ነው፤ በር ላይ «በዚህ ቢሮ የቅዳሜ አገልግሎት ክፍያም ስጦታም የለውም» ብለሽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ከለጠፍሽ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ማንም አይቀየምም። የቅሬታው ምንጭ ሌላ ነው፦ ከእድሩ እስከ አንቺ ባለው መንገድ ላይ «ጠበቃዋን እኔ ነኝ የማናግርልህ» ብሎ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ብር የሚቀበል ደላላ ይበቅላል። አንቺ ሳታውቂ ነጻ አገልግሎትሽ ይሸጣል። ማስታወቂያው ላይ ለማንም እንዳይከፍሉ ጻፊ፣ ባለጉዳዩንም ለብቻው «ወደዚህ ስትመጣ ማን ገንዘብ ተቀበለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ወጪ ካለ፣ የኮፒም ይሁን የዳኝነት፣ ባለጉዳዩ ራሱ ለገንዘብ ያዡ ይክፈል፣ ደረሰኙም በስሙ ይሁን። በእጅሽ ምንም ብር አይለፍ።

ዘመድን በተመለከተ፦ መጀመሪያ ታሪኩን ሰምተሽ ከዚያ ስም መጠየቅ ትልቁ ጥፋት ነው። የሁለቱንም ወገን ስም ከነአያት፣ ሠፈሩንና መሥሪያ ቤቱን ጠይቀሽ በመዝገብሽ ፈልጊ። ከዚያ በኋላ ነው «እሺ ንገሪኝ» የሚባለው። ባሏ ባለፈው ወር ስለ ቤቱ ያማከረሽ ሰው ከሆነ የእሷን ምስጢር ከሰማሽ በኋላ ሁለቱንም ማገልገል አትችዪም፣ አንዱንም መተው ያስቀይማል። የሩቅ ዘመድሽ ከሆነ ንገሪያት፤ ዝምድናው በኋላ ከሌላ አፍ ቢደርሳት የተረታችው በዚያ ይመስላታል።

አንድ ጉዳይ አልይዝም ስትዪም በጽሑፍ ይሁን። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ዛሬ መጥተሃል፣ ጉዳይህን አልያዝኩትም፣ ጊዜህ የሚያልፈው በዚህ ቀን ነው፣ ሂድ የምልህ ወደዚህ ነው። ያለዚያ «ጠበቃ ይዞልኛል» ብሎ እየጠበቀ ጊዜው ያልፍበታል። ወዴት እንደምትልኪውም አስቀድመሽ አጣሪ፤ የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጆች ነጻ አገልግሎት፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የተከላካይ ጠበቆች። ቦታው ዛሬ ክፍት መሆኑን ደውለሽ አረጋግጠሽ ላኪው፣ ሰው በዚህ ፀሐይ ሁለት ቢሮ ተዘግቶበት ካገኘ ሦስተኛውን አይሞክርም።

የጊዜ ቀጠሮ፦

የያዝሽውን ግን በጽሑፍ ውል ያዢው፣ ነጻ ቢሆንም። የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ ነው ወይስ ይግባኝ ይጨምራል? አፈጻጸምስ? እኔ አፈጻጸም ሁልጊዜ ይግባ እላለሁ፣ ይግባኝ ግን ፍርዱ ሲታይ በአዲስ ውል። ተከራካሪው ወጪና ኪሣራ እንዲከፍል ቢወሰን ገንዘቡ የባለጉዳዩ እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ጀጎል በር፦

እድሩ ላይ ትምህርት ስጪ ካሉሽ ደግሞ አንድ ርዕስ፣ ሃያ ደቂቃ። «ስለ መብታችሁ» ተብሎ ሁሉም ነገር ሲነገር ምንም አይያዝም። መጀመሪያው «መጥሪያ ሲደርስህ ምን ታደርጋለህ» ይሁን፤ መጥሪያ አልፈርምም ማለት ክስን እንደማያስቀር፣ በዚያው ሳምንት ሰው ማማከር እንዳለበት፣ ቀጠሮ እንዳይቀር። ክረምት ላይ ከሆነ ፍርድ ቤቶቹ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ዕረፍት ላይ እንደሚሆኑና አስቸኳይ ጉዳይ ግን ተረኛ ችሎት እንዳለው ጨምሪ፤ «ዕረፍት ነው» ብሎ የሚተኛ ብዙ ነው።

ከዚራ፦

የሰዓት መዝገብሽንም ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምረሽ ያዢ፦ ቀን፣ የባለጉዳይ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የፈጀው ሰዓት፣ የባለጉዳይ ፊርማ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከጭንቅላት የሚጻፍ 50 ሰዓት ማንንም አያሳምንም። ያለቀ መዝገብንም ቶሎ አትጣዪ፤ ፍርድ የሚፈጸመው እስከ 10 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 384)፣ ቀለብ ያቋረጠ አባት በስድስተኛው ዓመት ሥራ ሊቀጠር ይችላል፣ እናትየዋም ያን ጊዜ የፍርዱ ግልባጭ ላይኖራት ይችላል። የመዝገቡን ቁጥርና የፍርዱን ፎቶ በሁለት ቦታ አስቀምጪ።